ሳሎን የገባው መድኃኒት

አንቺዬ፣ አረንጓዴ በራ! እየዘለልኩ ነው የምጽፍልሽ፤ በጽሕፈቴ እንዳትስቂ።

እዚህ ላብራቶሪ የመጣሁበትን ታውቂያለሽ፤ አር ኤን ኤ የሚባለውን መድኃኒት በዓይን በማትታይ የቅባት ኳስ ጠቅልለን ሴል ውስጥ እናስገባለን። መግባቱንስ ይገባል፤ ግን ደጁን እንዳለፈ አንዲት ከረጢት ውጣ እዚያው ታስቀረዋለች። ልክ እናንተ ቤት እንደሚመጣ እንግዳ! አክስትሽ ኮሪደሩ ላይ ይዘው የዘር ማንዘሩን ጤንነት ሲጠይቁት፣ ሳሎን ሳይደርስ ይመሽበታል።

ዛሬ የመጨረሻ ሙከራችን ነበር፤ ካልሆነ ሥራው ሊዘጋ ነበር። ከቅባቶቹ አንዱን ቀይረን በማይክሮስኮፕ ሳይ፣ ሴሎቹ ቦግ ብለው አረንጓዴ ሆነዋል። መድኃኒቱ ከከረጢቷ አምልጦ ሥራ ሲጀምር ሴሉ አረንጓዴ እንዲያበራ አድርገን ነበርና፣ ሳሎን ገብቷል ማለት ነው! ኮስታራው ፕሮፌሰር ጓንቱን ሳያወልቅ አቀፈኝ። እኔማ እንዴት እንደጮህኩ! ጎረቤት ክፍል ያሉት እሳት የተነሳ መስሏቸው ሮጠው መጡ። ሰው ጋ እስኪደርስ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ለዛሬ ግን ይህን ማንም እንዳይነግረኝ።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

እትዬ፣ እርስዎ ኮሪደሩ ላይ ይዘው ከእሷ በፊት እንደሚያነቡት አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷም ተሽሏታል፣ ወንድሜም ሥራ ይዟል። በሉ አሁን ካርዱን ወደ ሳሎን ያሳልፉልኝ!