ድልድዩን ሳልሻገር በሩን እንዳታስከፍቺ

እህቴ፣

ሻዩ ፔርሙስ ውስጥ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ ባልዲውን ሳትደፊ እንዳትወጪ። አዲሱን ካልሲሽን አድርጌዋለሁ፤ የኔ ተረከዙ አልቋል። በሱ ማታ እንጣላለን።

ትናንት ሳልቆም ሮጬ ድልድዩን ልሻገር ጥቂት ሲቀረኝ፣ የመሥሪያ ቤትሽን ሰርቪስ አስቁመሽ በመስኮት ብቅ አልሽና "ባሕር ማዶ ተምረህ የመጣኸው ይሄን ነው? ና ግባ፣ በኋላ ሬሳህን ከምናነሳ!" አልሽኝ። ሰርቪሱ በሙሉ ሳቀ።

እኔም ገባሁ።

የሚያንገበግበኝ መግባቴ ነው። ሳቃችሁንማ ከተመለስኩ ጀምሮ ለምጄዋለሁ። ስንቱን ነገር ጀምሬ መሀል ላይ እንደተውኩት ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

እርግጥ አንቺ ከአልጋሽ እስከ ሰርቪሱ በር ያለውን ርቀት በየቀኑ እያለከለክሽም ቢሆን ትጨርሻለሽ። እኔ ገና ጀማሪ ነኝ።

ዛሬም በዚያው መንገድ ነኝ። ስትደርሱብኝ ሹፌሩ እንዳይቆም። ሆድሽን እስኪያምሽ ሳቂ፣ በሩን ግን እንዳታስከፍቺ።

ድልድዩን ስትሻገሩ አስቁሚውና ጠብቂኝ። ካልመጣሁ ሬሳዬን አንሺ። ከመጣሁ ወንበርሽን ትለቂልኛለሽ፤ አንቺ ቆመሽ ትሄጃለሽ።