በሁለት ካርታዎች መጋጠሚያ ላይ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ከካርታ ክፍል፣ ከምሳ በኋላ

ለውድ ባለ ሜትሩ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ እንደምትቃትት እህትህ ነግራኛለች። ዕድሜ ልኩን ዳገት ሲለካ የኖረ ሰው በአንድ ፎቅ ደረጃ ተሸነፈ ሲሉኝ ብስቅ አትቀየመኝ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ከቅርብ ነገር በቀር ሁሉን ያያል፤ ስለዚህ ፊደሎቼ ቢገዝፉ የምጮህብህ እንዳይመስልህ።

ይህን የምጽፍልህ መስኮቱ አጠገብ ባለው በድሮው የንድፍ ጠረጴዛ ላይ ነው። አልጣሉትም። ሥራው ሁሉ በኮምፒዩተር ሆኗልና ወጣቶቹ ኮታቸውን ይከምሩበታል፤ እኔ ስመጣ ያነሱልኛል። የአሁኗ ኃላፊያችን መሐንዲስ ናት፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በመጣች ቀን ዕድሜዋን የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከኮረብታው ሥር ያለው ሜዳ ታጠረ። ከአውቶቡስ መስኮት ነው ያየሁት፤ አንድ ሰኞ ጠዋት የቆርቆሮ አጥር ተተክሎ፣ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ የተሳለበት ሰሌዳ ቆሞ አገኘሁ። ቢሮ እንደገባሁ የግንባታ ፈቃዱን ፋይል አስወጣሁ። ሁሉም በደንቡ ነው፤ ፊርማው፣ ማኅተሙ፣ ካርታው። ካርታው ላይ ቦታው ባዶ መሬት ነው። ከታች ጥጉ ላይ ደግሞ «የነደፈችው» ከሚለው ቀጥሎ የእኔ ፊርማ አለ።

አንተ ያንን ሜዳ ስትለካ ያለውን ሁሉ መዝግበሃል። ወደ ኮረብታው በኩል በድንጋይ የተከበቡት የጥንት መቃብሮች፣ ስንት መቶ ዓመት እንደሆናቸው ማንም የማያውቃቸው። ከታች፣ በመንገዱ በኩል፣ የሕፃናቱ። የቅርስ አዋጁ ግልጽ ነው፤ በመንግሥት ካርታ ወይም በቀያሽ የመስክ ደብተር ላይ መቃብር ተብሎ የሰፈረ ቦታ ባለሙያ ሳያጠናው አካፋ አይነካውም። ያልሰፈረ ከሆነ ግን ቁፋሮው ይቀጥላል፤ የሚቆመው አጥንት ከወጣ ብቻ ነው። ኤክስካቫተር የሕፃን አጥንት አወጣ አላወጣ ማን ቆሞ ያያል?

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ መዝገብ ቤት ነው። አንተ የሠራኸውን ዋናውን የልኬት ንድፍ ቧንቧ ፈንድቶ አበስብሶታል። የመስክ ደብተርህ የቢሮ ቅጂም አሮጌ ወረቀት ሲወገድ አብሮ ሄዷል። የቀረው አንተ ጋ ያለው ነው። ሁልጊዜ ሁለት ደብተር ትጽፍ ነበር፣ አንዱን ለቢሮ፣ አንዱን ለራስህ። «ቢሮ ይረሳል» ስትል በጥርጣሬህ እስቅ ነበር። ይኸው ስቄ ጨረስኩ።

ከዚያ ለቅርስ ጥበቃ ቢሮ አመለከትኩ። የላኩልኝ ባለሙያ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ጫማው ከጭቃ ተለይቶ ስለማያውቅ ወደድኩት። አጥሩ ውስጥ ገብተን ስናይ ከጥንቶቹ ድንጋዮች ጥቂቶቹን አገኘ። ከታች በኩል ግን ሣር ብቻ ነው። «የላይኛውን ላተርፈው እችል ይሆናል» አለኝ። «ለታችኛው ግን ማስረጃ ካላመጡልኝ እጄ አጭር ነው።» ቦታው እንዴት ከካርታው እንደቀረም በጽሑፍ እንዳስረዳ ጠየቀኝ። እኔም የሚታመን ነገር ጻፍኩ። ሜዳው የዋለው በሁለት ካርታዎች መጋጠሚያ ላይ ነው፤ መጋጠሚያ ላይ የዋለ ነገር በሁለቱም ላይ መነደፍ ሲገባው፣ ነዳፊ ሁሉ ጎረቤቱ ይነድፈዋል ብሎ የማለፍ አመል አለው፤ በዚህ ምክንያት ተረስቷል አልኩና ፈረምኩ። አመሉ እውነት ነው፤ ስንቱን ጉድጓድና ስንቱን ድልድይ በልቷል።

ባለፈው ዓርብ ጉዳዩን ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ሰማው። ጠባብ ክፍል ናት፣ የምትንጫጫ ወንበር ደረሰችኝ። የአልሚው ጠበቃ ጨዋ ሰው ነው፤ ከመቀመጤ በፊት ወንበሯን ስቦልኛል። ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ አሳየኝና፣ በሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የእኔ መሆኑን አስመሰከረኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ የረሳው ጎረቤት የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገሩን ወዴት እንደሚወስደው ገባኝ፤ ያልተነደፈው ስላልነበረ ነው ሊል ነው።

«አልረሳሁትም» አልኩ። «እያየሁት ነው የተውኩት።»

ጠበቃው ፈገግ ብሎ ያንን የጻፍኩትን ወረቀት አነሳ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፣ እትዬ። እርስዎ ግን ባለፈው ሳምንት ረሳሁት ብለው ፈርመዋል።»

ክፉ አስቦ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚለው ተረት ነው፣ እኔም ስለው ኖሬያለሁ።

«የወለድኳትማ ጠፍታለች» አልኩት። «እኔ የምነግርዎት ቦታዋን ነው።»

ምስኪን ሰው፣ ተቀመጠ። እኔም ላንተ እንኳ ያልነገርኩህን ለማያውቁኝ ሰዎች ነገርኳቸው። ስሱን ወረቀት በልኬትህ ላይ ዘርግቼ መንገዱን፣ ቦዩን፣ የጥንቶቹን ድንጋዮች ሁሉ በእርሳስ ሠርቼ ነበር። መንገዱንና ቦዩን በቀለም ጨርሼ መቃብሮቹን ከታችኛው ረድፍ ልጀምር ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስድስተኛዋ ምልክት የእሷ ነበረች። ከቀበርናት ስድስት ሳምንት አልሞላም፤ አንተ ግን በሳምንቱ ሄደህ ልኬትህን ጨርሰህ፣ ከሌሎቹ እኩል አድርገህ አስፍረሃታል። ቀለም ከነካት በቃ፣ እውነት ልትሆንብኝ ነው። የታችኛውን ትቶ የላይኛውን መሳል ስለሚያስጠይቅ ሁሉንም በላጲስ አጠፋሁ። ነገ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። የሌሎች እናቶችንም ልጆች አብሬ አጠፋሁ፤ ከሁሉ የሚቆጨኝ ይኸ ነው።

አንተ ትተኸኝ የሄድከው «አንድ ቀን እንኳ መቃብሯ ላይ አልቆምሽም» ብለህ ነው። እውነትህን ነው፣ አልቆምኩም። ግን እወቀው፤ ከቤቴ ቢሮ በአሥር ደቂቃ የሚያደርስ አውቶቡስ አለ። እኔ የምሳፈረው ዙሪያውን በሜዳው በኩል የሚሄደውን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በግራ በኩል ነው የተቀመጥኩት። ያኔ ይህን ብነግርህ ኖሮ አትሄድም ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ኩራቴ አልፈቀደልኝም። አዝኛለሁ።

ኮሚቴው ሥራው እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲቆም አዟል። እስከዚያ የመስክ ደብተሩ ከቀረበ ሜዳው በሙሉ ይጠበቃል፤ የላይኛውም የታችኛውም። ካልቀረበ የእኔ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ከታች በኩል ቁፋሮው ይጀመራል። ስለ እኔ አትጨነቅ። ጡረታ ልወጣ አራት ወር ሲቀረኝ የዲሲፕሊን ክስ ተከፍቶብኛል። ኃላፊያችን ደብዳቤውን ስትጽፍ እንባዋ ስለመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር አበላሽታ ነበር፤ ያረምኩላት እኔ ነኝ።

ደብተሩን በፖስታ መላክ ትችላለህ። ባለሙያው ግን ቀያሹ ራሱ መጥቶ «ይህ የእጄ ጽሑፍ ነው» ቢል ይሻላል ይላል። እኔ የባለሙያውን ቃል ነው የማስተላልፈው። ለነገሩ የአውቶቡስ ጣቢያው ደረጃ የለውም፣ የእኔም ቤት ምድር ላይ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ከቅርስ ጥበቃ ቢሮ የቤተሰብ ቅጽ ላኩልኝ፣ ሜዳው ላይ የተቀበረ ዘመድ ያለው ሰው የሚሞላው። ስሟን ጻፍኩ። ከቀበርናት ወዲህ ጽፌው አላውቅም ነበር፤ እጄ ግን አልረሳውም። እናት በሚለው ላይ ፈረምኩ። አባት የሚለው ላይ ስደርስ ኃላፊያችን ከጎኔ ቆማ «እትዬ፣ አድራሻው አይታወቅም ብለው ይለፉት፣ ይቀበሉዎታል» አለችኝ።

«ይታወቃል» አልኳት። ቤት በቀየርክ ቁጥር ከእህትህ እየጠየቅኩ ስይዘው ኖሬ፣ አምስተኛውን አድራሻህን ከነቤት ቁጥሩ በቃሌ ጻፍኩት። ከጎኑ ያለውን የፊርማ ቦታ ግን ተውኩት። እሱን እኔ ልነድፍልህ አልችልም።

ጤና ይስጥህ፣ ጉልበትህን ያበርታልህ፣ መንገድህንም ያቅናልህ።

የልጅህ እናት