ዓሣዎቹ ተራ አይጠብቁም

ጥቅምት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.
ቡታጅራ፣ ግራር ሰፈር

ለክቡር አቶ ሀቢቡ
የግራር ሰፈር የቦኖ ውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢና የቦኖው ቁልፍ ጠባቂ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የመላው ቤተሰብዎንና በወገብዎ ላይ የሚንጠለጠለውን ቁልፍ ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔና ባለቤቴ ሸምሶ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከመድረቃችን በቀር ደኅና ነን።

ክቡር ሆይ፣ እንደሚያውቁት ዱባይ የምትሠራው እኅቴ ከድጄ ትኬት ልካልን ለአሥራ አንድ ቀን አገር አይተን ተመልሰናል። ስንመለስ ቀይ ጨርቅ አስረን ሰልፍ ላይ የተውናቸው ሁለት ጀሪካኖቻችን ከሰልፍ ወጥተው፣ ስማችንም «ሦስት ተራ በአካል ስላልተገኙ» በሚል ቃለ ጉባኤ ከመዝገብ ተሰርዞ ጠበቀን። አረፋ ሊደርስ አሥራ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ከአዲስ አበባ አሥራ ዘጠኝ ዘመድ ይመጣብናል፤ ቤታችን ውስጥ ግን እጅ የሚያስታጥብ ውኃ እንኳ የለም። ይህን ስል አቤቱታ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። የምጽፍልዎ የምስጋና ደብዳቤ ነው፤ ምስጋናዬንም በግምገማ እንደለመድነው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ለአሥራ ሁለት ዓመት ስላሠለጠኑን አመሰግናለሁ። የሥልጠናው ፍሬ የታየው ከድጄ አኳሪየም ወደሚባለው ትልቅ የዓሣ ቤት በወሰደችን ዕለት ነው። በመስታወት ዋሻ ውስጥ ይኬዳል፤ ውኃው በቀኝም በግራም ከራስ በላይም ነው። ወለሉ እንዲያ ሲያበራ ያየው ሸምሶ እንደ መስጊድ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ገባ። እኔም ሽቅብ ሳይ ሻሼ ወድቆ ከኋላዬ አንዲት የማላውቃት ሴት አነሣችልኝ። እንዲህ በደስታ ሰክረን ሳለን ከግድግዳው ጀርባ አንድ ነገር ተከፈተና ውኃ ሲንዶቀዶቅ ሰማሁ። አላህ ይመስክርብኝ፣ አስቤ አይደለም፤ በሙሉ ድምፄ «ሸምሶ፣ ውኃ መጣ!» ብዬ ጮኽኩ። ሸምሶም የት፣ ምን ሳይል ጫማውን ጥሎ በካልሲው ሮጠ። ሲመለስ የጽዳት ሠራተኛዋን ቢጫ ባልዲ ከነመወልወያው ይዞ ነበር፤ ከመስታወቱ ሥር አስቀመጠና ክርኑን ዘርግቶ ከኋላችን ፎቶ በሚያነሡት ቻይናውያን ላይ ተራውን አስከበረ። ቻይናውያኑም፣ አላህ ይስጣቸው፣ ተሰለፉ።

ባልዲዋን ፍለጋ የመጣችው ልጅ ረድኤት ትባላለች፤ የወልቂጤ ልጅ ናት። ነገሩ ሲገባት ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ውይ በሞትኩት! እትዬ፣ እዚህ እኮ ውኃ አይሄድም» አለችኝ። እኔ ግን አላመንኳትም፤ ቀኑን ሙሉ በመጣሁ በሄድኩ ቁጥር ዘወር እያልኩ አረጋገጥሁ።

2ኛ. ባሌን ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ። ከተጋባን ጀምሮ አንዳችን ሰልፍ ላይ ስንሆን አንዳችን ሱቅ ነን፤ ስንገናኝም ጀሪካን መካከላችን ነው። ያን ቀን ግን አራቱም እጃችን ባዶ ነበር። ሸምሶ ስለ ባልዲው አፍሮ አፍሮ ሲያበቃ ሳቁ መጣበት፤ በርበሬ እንደታጠነ ሰው እያስነጠሰ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ሳቀ። እጄንም ይዞኝ ሄደ። በቡታጅራ አደባባይ ይህን ቢያደርግ ሽማግሌ ይሰበሰብብን ነበር። ደስ አለኝ፣ ክቡር ሆይ፤ ደስ እንዳለኝ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

3ኛ. ረድኤት ሻርክ የሚሉትን ባለ ብዙ ጥርስ ዓሣ አሳየችን። ትንንሾቹ ዓሦች ከጎኑ ሳይፈሩ ይዋኛሉ። ለምን አይበላቸውም ብለን በእርሷ በኩል ጠባቂውን ብናስጠይቅ፣ ሌሎቹን እንዳይነካ አስቀድሞ እርሱ እንዲጠግብ ይደረጋል አለን። እኔም በኩራት ይህ አሠራር በእኛም ሰፈር እንዳለ፣ ቦኖው ሲከፈት የኮሚቴው በርሜሎች አስቀድመው እንደሚሞሉ አስረዳሁ። ልዩነቱ የእነርሱ ይጠግባል።

4ኛ. በመጨረሻም ስለ ደንባችን አንቀጽ አራት አመሰግናለሁ፤ በራስዎ እጅ የጻፉት ነውና ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ «ጀሪካን በቆመበት ባለቤቱ እንደ ቆመ ይቆጠራል።» በዚህ አንቀጽ ለቅሶ ደርሰናል፣ ገበያ ውለናል፣ ወልደናል። እንግዲያው ዱባይ ሳለሁም ግራር ሰፈር ሰልፍ ላይ ነበርኩ ማለት ነው፤ ጎረቤቴ ዓለምዘውድም ጀሪካኖቼን በየተራው ወደፊት ስትገፋ እንደነበር ትመሰክራለች። በአካል አልተገኘሽም የሚለው ሐሳብ ምናልባት ከቁልፉ ክብደት የመጣ ድካም ይሆናል። ስለዚህ ሠላሳ ሰባተኛ ተራዬ እስከ ማክሰኞ እንዲመለስልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ቁልፍዎ ሳይዝግ፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ በርሜሎችዎም ሳይጎድሉ ዕድሜ ይስጥልን እያልኩ፣ ዓሣ ሆኜ ባለመወለዴም ኮሚቴውን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

አክባሪዎ
ፈቲሀ ጀማል
የቀድሞዋ ሠላሳ ሰባተኛ

ግልባጭ፦ ለሰልፉ በሙሉ (በቦኖው አጥር ላይ የሚለጠፍ)

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን ላደርስ ስመጣ በአጥርዎ ቀዳዳ ሁለቱን ጀሪካኖቼን ከነቀይ ጨርቃቸው በግቢዎ ውስጥ አየኋቸው፤ አፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ቆመዋል። ስለዚህ በአንቀጽ አራት መሠረት እኔም ላለፉት ቀናት በግቢዎ ውስጥ እንደ ቆምኩ ይቆጠራል። በጣም ስለ ደከመኝ፣ የአረፋ ዕለት ከአሥራ ዘጠኝ እንግዶቼ ጋር እዚያው እቀመጣለሁ። ምሳው በሰዓቱ ይድረስልን፤ ውኃው እንደሆነ አለ።