ዳማው የበላው ምሳ

ውድ እታለማሁ፣

"ውድ" ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ስላሉኝ ነው እንጂ ዛሬስ የሚገባሽ አርጩሜ ነበር። በስልክ ስቆጣሽ "እማዬ፣ ኔትወርክ ጠፋ" ብለሽ ትዘጊያለሽ። ወረቀት ኔትወርክ አይጠፋበትም! ፊደሌ ቢንጋደድም በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ነው፤ እስከ መጨረሻው ታነቢያለሽ።

አብራሽ አንድ ክፍል የምታድረው ሜላት ለእረፍት መጥታ እሑድ ልትጠይቀኝ ገባች። "እታለማሁ እንዴት ናት? ወፈረች ወይ?" አልኳት። የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

"ምን፣ ምላስሽን እዚያው ረስተሽው መጣሽ?"

"እማማ ካሳነሽ፣ እንዳይቆጡ እንጂ..."

"አሁን ገና ተቆጣሁ፤ ተናገሪ!"

ተናገረች። ከተማሪዎቹ ምግብ ቤት ከወጣሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። "ኖን ካፌ" ይሉታል አለች፤ ማዕዱን ትተሽ የምግቡን ብር በየወሩ በእጅሽ ትቀበያለሽ። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታ እሷ ከራቷ የምትደብቅልሽን። ምሳ የሚባል የለም። ብሩ ግን እኔ ጋ ይመጣል!

"የተረፈኝ ነው እማዬ፤ እዚህ ያበሉናል፣ ብር ምን ያደርግልኛል?" አላልሽኝም? እኔ ሞኟም "የተባረከች ልጅ አለችኝ" እያልኩ ሰፈሩን ዞርኩት።

ብሩ የት እንደገባ ታውቂያለሽ። አያትሽ ሲሞት ዳማውን ፈረስ ልሸጠው ስነሣ አንገቱን አቅፈሽ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ። "የአባባ ፈረስ ከፈረሰኞቹ በዓል አይቀርም" አልሽ። እሺ አልኩ። የጓዳዬ ገብስ ለሰውም አልበቃ ሲል ባንቺ ብር ገዛሁለት። ለጥር ወሩ በዓል ቀይ ግላስ፣ የጀርባ ጌጡን፣ አሰፋሁለት። አጎትሽ ምህረቴ ተቀምጦበት እንጅባራ ሜዳ ላይ ሽው ሲል እልል ብዬ ድምፄ ተዘጋ። ገላው ቅቤ የተቀባ ይመስል ነበር። ለካ የእሱ ጎን የሞላው ያንቺ ጎን ጎድሎ ነው!

ያንገበገበኝን ደግሞ ልንገርሽ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የፈረምሽውን ወረቀት አልረሳሁትም። "ወጪ መጋራት ነው፤ መብሉም መኝታውም ብድር ነው፣ ሥራ ስይዝ ከደመወዜ ይቆረጣል" አልሽኝ። "ለተማሪ እንጀራ ያበድራሉ? ወይ ጉድ!" ብዬ ነበር። ይሁን፣ የበላ ይክፈል። አንቺ ግን የምትከፍይው ያልበላሽውን ነው! ምሳውን ዳማው በልቶት፣ ዕዳው ባንቺ ስም ተጽፎ! ይኼ የማን ሒሳብ ነው? የተማርሽው ይኼንን ነው?

ሜላት መጨረሻ ላይ ቀስ ብላ "ፈተና ላይ ራሷን አዙሯት ከወንበሯ ወደቀች" አለችኝ። ያኔ መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። እታለማሁ፣ እናትሽን፣ ልጄን፣ ቀብሬያለሁ። ለሁለተኛ አቅም የለኝም።

ማክሰኞ ምህረቴን ጠርቼ "ዳማውን ጋሪ ላይ እሰረው" አልኩት።

"እናቴ፣ የበዓል ፈረስ ጋሪ ሲጎትት ሰው ምን ይለናል?"

"ልጅቱን አስርባ ፈረስ አስጌጠች ከሚሉኝ የፈለጉትን ይበሉ!"

አሁን ድንች ጭኖ እንጅባራ ገበያ ይመላለሳል። የአያትሽ ባልንጀራ ይኸነው መንገድ ላይ አቁሞኝ "ካሳነሽ፣ ፈረሱን አዋረድሽው" አለኝ። "ላቡን አንጠፍጥፎ መብላት ውርደት ከሆነ እኔም አንተም ተዋርደን ነው ያረጀን" አልኩት። ዱላውን ይዞ ሄደ። ለሱ አልነገርኩትም እንጂ፣ የመጀመሪያው ቀን ጋሪው ከበር ሲወጣ ፊቴን አዙሬ አልቅሻለሁ። ግላሱን አጥፌ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሜላት በሶ ትሰጥሻለች። በሶው የምሳ ምትክ አይደለም! ስትመዘገቢ ወደ ማዕዱ ተመለሺ። ከእንግዲህ ብር ብትልኪ በመጣበት መንገድ እመልሰዋለሁ።

ሰኔ ላይ ስትመጪ መናኸሪያ የሚቀበልሽ ዳማው ነው፣ ከነጋሪው። ስትወጪበት ጋሪው ከክብደትሽ ሲጢጥ ሲል ልስማው። ዝም ካለ በመጣሽበት መኪና ይዤሽ እመለሳለሁ፤ ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እስክትጨርሺ አይሻለሁ፣ ጓደኞችሽ ይሳቁብሽ!

ብዪ።

አያትሽ ካሳነሽ