በአስከሬን መኪና ስለተሰጠ ያልተገባ ጥቅም

ለተከበሩ የኮሌጆች ስፖርት ደንብ ማስከበሪያ ቢሮ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ደንብ መጽሐፍዎ የወፈረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ ያልተረበሸ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከአላባማ ከፔትዌይ ከተማ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕዝራ ቶሊቨር እባላለሁ። ከአባቴ በወረስኩት ቤት የፔትዌይን ሙታን አጥቤ፣ አልብሼና አሳምሬ የምቀብር ሰው ነኝ። በእርስዎ ቢሮ ግን የምታወቀው የቶምሊን ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድን "ጥቅም አቀባይ ደጋፊ" በሚል ማዕረግ ነው፤ በደንባችሁም ተጫዋች ከእንዲህ ያለ ሰው ምንም ነገር መቀበል ክልክል ነው። ለዚህ ያበቃኝ በጨዋታ ቀን በሚታደለው የቡድኑ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ ያወጣሁት ማስታወቂያ መሆኑን መርማሪዎ አቶ ሃላም በትዕግሥት አስረድተውኛል። ማስታወቂያው "በመጨረሻው ጉዞ ከጎንዎ ነን" ይላል። የቶምሊንን አጨዋወት ለሚያውቅ ሰው ይህ ድጋፍ ይሁን ሽሙጥ ገና ያከራክር ነበር፤ እርስዎ ክርክሩን ስለዘጉልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው በግል ለጻፍኩት ሁሉ "ጉዳዩ ተዘግቷል" የሚል አጭርና ጨዋ መልስ ስለደረሰኝ፣ ደግሞም ከከተማችን ውጭ ያሉ ሰዎች "ያ የቶምሊኑ ልጅ፣ ጋድሰን፣ ምን በልቶ ነው የታገደው?" እያሉ ስለሚጠይቁ ነው። ምን እንደበላ፣ ምን እንደለበሰና በምን እንደሄደ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ፣ በራሳችሁ የክስ ቅደም ተከተል እነግራቸዋለሁ።

አንደኛ፣ መጓጓዣው።

ቴሪያን ጋድሰን፣ ኳስ በእጅ በሚያዝበት በእኛ አገር ፉትቦል፣ ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ የሚሮጥ ተጫዋች ነው። ሦስት የራስ ቁር ያጠለቁ ጎረምሶች ጀርባው ላይ ተንጠልጥለውበት እንኳ መስመሩን ሲያልፍ አይተነዋል። የመጨረሻ ዓመቱ ነበር፤ ለትላልቆቹ ባለደመወዝ ቡድኖች ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎችም ቅዳሜ ቅዳሜ እሱን ለማየት ይመጡ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ኢርማ ለፔትዌይ ትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ስታበስል የኖረች ሴት ናት። ባለፈው ጥቅምት፣ ቶምሊን ባለበት ከተማ ሆስፒታል ውስጥ፣ ልጇ እጇን እንደያዘ አረፈች።

ልጁ መኪና የለውም። ወደ እኛ የሚመጣ አውቶቡስም የለም። ዩኒቨርሲቲው በራሱ መኪና ሊያደርሰው አስቦ፣ እንዳይሳሳት ፈርቶ፣ ከቢሮዎ ፈቃድ ጠየቀ። ቢሮዎ መልሱን ሳያጓድል ሰጥቷል። "ተፈቅዷል፤ መልካም ጉዞ" የሚለው ደብዳቤ ሲደርስ ወይዘሮ ኢርማ ተቀብራ፣ በመቃብሯ ላይ ያኖርነው አበባ ደርቆ ነበር። ስለ መልካም ምኞታችሁ በሟች ስም አመሰግናለሁ።

እኔ ግን የሄድኩት ልጁን ለማምጣት አልነበረም። አስከሬን ልወስድ ነው የሄድኩት፤ ሥራዬ ነው። ከሆስፒታሉ የኋላ በር ስደርስ ቴሪያን የእናቱን ጫማና መነጽር በላስቲክ ከረጢት ይዞ ቆሟል።

"ጋሽ ዕዝራ፣ ከኋላ ከእሷ ጋር ልሁን?" አለኝ።

"ከኋላ ለሕያው ሰው ቦታ የለም፣ ልጄ። ና ከፊት ግባ።"

ጉልበቱ ከዳሽቦርዱ ጋር እየተጋጨ ተቀመጠ። ዋናውን መንገድ ይዘን ጥቂት እንደሄድን እጁን ክንዴ ላይ አደረገ። "ጋሽ ዕዝራ፣ ቀስ ይበሉልኝ። እማዬ ፍጥነት ትፈራለች።"

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሥራ ሳረጅ እንዲህ ያለ ልመና ሰምቼ አላውቅም። ቀስ አልኩ። የጭነት መኪኖች ከኋላችን ጥሩምባቸውን ሲነፉ ቆይተው በጎን ያልፉን ጀመር፤ ማን እንደያዝን ሲያዩ አንዳንዶቹ ባርኔጣቸውን አነሡ። ቴሪያን በትንሿ መስኮት ወደ ኋላ እየዞረ ያየት ነበር። ከከተማችን ድልድይ ስንደርስ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ፣ "እማ፣ ደረስን" አላት። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው።

አቶ ሃላም በምርመራው ላይ "ተጫዋቹ የመኪናው ባለቤት የቡድኑ ደጋፊ መሆኑን በጉዞው ወቅት ያውቅ ነበር ወይ?" ብለው መጠየቃቸው የሙያቸውን ጥልቀት ያሳያል። ቴሪያን "እኔ ወደ ኋላ ነበር የማየው" ብሎ መለሰ። ይህ "ግልጽ መልስ አልሰጠም" ተብሎ ተጽፎበታል።

ሁለተኛ፣ ልብሱ።

ልጁ ለቀብር የሚለብሰው ጥቁር ልብስ አልነበረውም፤ ያን ትከሻ የሚይዝ ኮት በከተማው ሱቅ አይገኝም። እኛ ዘንድ ደግሞ ለሟቾች የተሰፋ ሰፊ ኮት ነበር። በሙያችን እንደሚታወቀው እንዲህ ያለው ኮት ለማልበስ እንዲመች ጀርባው ክፍት ነው። ባለቤቴ ዊልማ ከጥቁር መጋረጃ ቀድዳ ጀርባውን ደፈነችለት። ስትለካው "እትዬ ዊልማ፣ ይሄ የሞተ ሰው ልብስ ነው እንዴ?" አላት። "ገና ማንም አልሞተበትም፣ ዝም ብለህ ቁም!" አለችው። በዚያ ቀን የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አቶ ሃላም የልብሱን የገበያ ዋጋና የደንበኞችን አስተያየት ጠይቀውኛል። እስካሁን ቅሬታ ይዞ የተመለሰ ደንበኛ እንደሌለ በትሕትና አስታወቅኋቸው። ጻፉት።

ሦስተኛ፣ ምግቡ። ከቀብር መልስ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የተጠበሰ ዶሮ፣ በአሳማ ሥጋ የተቀቀለ ጎመንና የኮክ ኬክ አቅርበውለታል። ሴቶቹን ማን እንዳሰማራቸው ቢሮዎ ለማወቅ ብዙ ደክሟል። ድካማችሁን ለማቃለል ያህል፣ በፔትዌይ ሴቶችን የሚያሰማራ ወንድ ገና አልተወለደም። ቴሪያንም ሁለት ጊዜ ጎርሶ ሳህኑን አስቀመጠው፤ ይህም ለቅጣት ማቅለያ እንዲያዝልን ጠይቀን ነበር።

እዚህ ላይ ከቁጥሩ ልውጣና፣ ጥቆማው እንዴት እንደደረሳችሁ ልናገር። የጠቆማችሁ ሰው ስሙ እንዲደበቅለት ቃል ገብታችሁለት ነበር፤ እሱ ግን በማግሥቱ ፀጉር ቤት ተቀምጦ ራሱ ነገረን። ሆሴዕ ክራምብሊ ይባላል፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። የቶምሊን ባላንጣ የሆነው የሃርግሮቭ ደጋፊ ነው፤ ልጆቹን ያስጠመቀው እንኳ ሃርግሮቭ ቅዳሜ ባሸነፈ ማግሥት እሑድ ነው ብለን እናማዋለን። በቀብሩ ላይ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ቴሪያን ከእኔ መኪና ሲወርድ አይቶ ደወለላችሁ።

"ደንብ ደንብ ነው!" አለ ሆሴዕ፣ ጉንጩ በሳሙና እንደተለቀለቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ፍሎይድ ምላጩን አየር ላይ አቆመው። "አንተ ሰው፣ የልጁን እናት ሳጥን ተሸክመሃል እኮ!"

"ተሸክሜያለሁ። ልጁ ኳስ ይዞ ሲሮጥም አይቻለሁ። በሚመጣው ወር በእኛ ላይ ነው የሚሮጠው።"

"እና አሁን ምን ሠራሁ ትላለህ?"

"ጥያቄ ነው የጠየቅሁት። ጥያቄ መጠየቅ ኃጢአት ነው?"

"አይ፣ አይደለም" አለ ፍሎይድ። "ቀና በል፣ አንገትህን ልላጭህ።" ሆሴዕ ግማሽ ጢሙን እንደያዘ ተነሥቶ ወጣ።

ክርክሩ ግን ቀጠለ። የቶምሊን ሰዎች "ሰብአዊነት ነው" ሲሉ፣ የሃርግሮቭ ሰዎች "ዛሬ የአስከሬን መኪና፣ ነገ የስፖርት መኪና" ሲሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተኳረፈ። ቴሪያንን ግን ማንም አልጠየቀውም።

አሁን ቢሮዎ ቴሪያንን ወደ ጠራበት ችሎት ልለፍ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ነበር። የቴሪያን አሰልጣኝ ወደዚያ የመጡት በአንድ ባለጸጋ ደጋፊ የግል አውሮፕላን ሲሆን፣ ይህ በደንባችሁ "የሥራ ጉዞ" እንደሚባል በማወቄ ዕውቀቴ ሰፍቷል። ሰብሳቢው ለልጁ አንድ ወረቀት ዘረጉለት። ከደጋፊ ጥቅም በመቀበሉ የሚጸጸት መሆኑን አምኖ ከፈረመ፣ የሚቀርበት የሃርግሮቭ ጨዋታ ብቻ ነበር። ካልፈረመ ግን የዓመቱ ጨዋታ በሙሉ ያልፈዋል።

ቴሪያን ደጋግሞ አነበበው። "የቱን ነው የምጸጸተው?" አለ።

"መጓጓዣውን ነው" አሉ ሰብሳቢው በለሰለሰ ድምፅ። "ሥነ ሥርዓት ነው እንጂ ክፋት የለበትም።"

አሰልጣኙ ጠጋ ብለው "ፈርም፣ የኔ ልጅ። የወደፊት ዕድልህን አታበላሽ። አንዲት ቃል ናት" አሉት።

"አሰልጣኝ፣ የእርስዎ እናት ብትሆን ይፈርሙ ነበር?"

ቴሪያን ብዕሩን በወረቀቱ ላይ በቀስታ አስቀመጠና "እማዬን ቤቷ ማድረሴን አልጸጸትም። አዝናለሁ፣ አልችልም" አለ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። እውነት ለመናገር፣ ያን ጊዜ ብዕሩን አንሥቼ በእሱ ፈንታ ልፈርምለት ቃጣኝ። ምን እየጣለ እንደሆነ አውቅ ነበርና። እሱም ያውቅ ነበር።

ውሳኔያችሁ በዚያው ቀን መውጣቱ የሚደነቅ ነው። የዘገያችሁት ለጉዞ ፈቃዱ ብቻ ነው።

ሃርግሮቭ አሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ ሆሴዕ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ጥቆማውን ልሰርዝ ብሎ ደውሎላችሁ፣ ጥቆማ ገቢ እንጂ ወጪ እንደማይሆን ነግራችሁታል።

"አንዲት ቅዳሜ ብቻ እንዲቀመጥልኝ ነበር የፈለግሁት፣ ዕዝራ" አለኝ። "ዓመቱን ሙሉ አላልኩም። እግዜር ያውቃል፣ አላልኩም።"

"እኔን ምን ታደርገኛለህ? ልጁ እናቱ ቤት አለ። ሂድ ንገረው።"

ሄደ፤ ብቻውን ስለፈራ እኔንም ጎትቶኝ ሄደ። ቴሪያን በረንዳው ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "ጋሽ ሆሴዕ፣ ሳጥኑን ሲሸከሙ በቀኝ በኩል ነበሩ። ዳገቱ ላይ ሌሎቹ ሲንገዳገዱ እርስዎ እማዬን ቀጥ አድርገው ይዘዋታል። ለዚያ አመሰግናለሁ። ለሌላው ግን ገና ነኝ። ገና አልቻልኩም።" ሆሴዕ ባርኔጣውን አድርጎ ደረጃውን ወረደ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሐቀኛ ቃል ግን ከመድረክ አልወረደልኝም።

መልማዮቹ መደወል አቆሙ። እነዚያ ሰዎች አንድ ወቅት ሙሉ ያልተጫወተን እግር አያምኑም። ቴሪያን በብርዱ ወራት ጥቂት ሞከረ፣ ደብዳቤም ጻፈ፣ ከዚያ ተወው። ትምህርቱን ግን በግንቦት ጨረሰ። ከነሐሴ ጀምሮ በፔትዌይ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። ሕልሙ አልተፈጸመም፤ ተፈጽሟል ብዬ እርስዎን ላጽናና አልችልም። አንዳንድ ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ጨዋታ ሲያይ አገኘዋለሁ፤ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ። ዩኒቨርሲቲው ግን አልረሳውም፤ አዲስ ተማሪዎችን በሚጋብዝበት ትልቅ ሰሌዳ ላይ ኳሱን ታቅፎ ሲሮጥ ይታያል። ከሥሩ "እኛ ቤተሰብ ነን" ይላል።

እንግዲህ "ምን በልቶ ነው?" ለሚሉ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። የኮሌጅ ስፖርትን ንጽሕና ከወይዘሮ ኢርማ ጋድሰን የመጨረሻ ጉዞ ስለጠበቃችሁልን የፔትዌይ ሕዝብ ባለውለታችሁ ነው። የእርስዎም ቀን ሲደርስ፣ እግዚአብሔር ያርቀውና፣ ቤቴ ክፍት መሆኑን፣ ልጆችዎም ከፊት ወንበር ላይ ያለ ምንም የጽሑፍ ማመልከቻ መቀመጥ እንደሚችሉ በታላቅ ትሕትና እያረጋገጥኩ፣ በማያቋርጥ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ
ዕዝራ ቶሊቨር
ቀባሪ፣ እንዲሁም በእርስዎ ችሮታ ጥቅም አቀባይ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አቶ ሃላም ምርመራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ ዝናብ ጥሎ ስለነበር መኪናቸው ከመቃብሩ በታች ያለው ቦይ ውስጥ ገብታ ነበር። የቴሪያን አጎት በትራክተር ጎትቶ አወጣላቸው። ከመንገድ እንዳይርባቸው ብላ ዊልማ የዶሮ ጭንና የለውዝ ኬክ በሸክላ ሳህን ሸፍና ሰጠቻቸው። ሁለቱንም ተቀብለው፣ አመስግነው ሄደዋል፤ በሪፖርታቸው ውስጥ ግን ስላላየሁት ረስተውት ይሆናል ብዬ ነው። ክስ የለንም። ሳህኑ ግን የዊልማ እናት ሳህን ስለሆነ፣ በሚመቻቸው ጊዜ ቢመልሱልን ደስ ይለናል።