ከመሸኛው ላይ የወጣችው መስመር

ውድ እትዬ ጠመኔ፣

በዚህ ስም ፊት ለፊት ጠርቼዎት አላውቅም። እኛ የሕፃናት ክፍል ልጆች ያወጣንልዎት ነው፤ ቀሚስዎ ከጠመኔ ብናኝ ጸድቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ የደፈርኩት ከዚህ የባሰ ነገር ስለምነግርዎት ነው፤ ቁጣዎን ለዋናው ያቆዩልኝ።

ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ልውጣ ወይስ ልቆይ እያልኩ ሦስት ሳምንት ስባዝን ከረምኩ። ጸሐፊ ሆኜ በምሠራበት ቢሮዋ ውስጥ አርፌ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። እነሳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ፣ የተደረደረውን ፋይል አውርጄ እንደገና እደረድራለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። «አንቺ እኮ ምእመኑን ሁሉ በየተራ ሸኝተሽ፣ መጨረሻ ላይ መብራት አጥፍተሽ ልትወጪ ነው!» ይለኛል። ውሸት የለውም። ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ለሚዛወር ሰው ሁሉ መሸኛ ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ የዘንድሮው ደግሞ በዝቶብኝ ነበር።

እርስዎ ከወጡ ወዲህ ነገሩ ብሷል። እርስዎ ሳሉ ከዋናው ጽሕፈት ቤት በመጣው አቅጣጫ መሠረት ሽማግሌዎች በአባላት ድምፅ መመረጣቸው ቀርቷል፤ መጋቢያችን ራሳቸው ይሾማሉ። እሳቸውም «መጋቢ» መባሉን ትተው «ሐዋርያ» ሆነዋል። የማክሰኞው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጥያቄ ይበዛበታል ተብሎ ተዘጋ። የእርስዎ ክፍል፣ ያ ትንንሽ ወንበር የሞላበት፣ ምንጣፍ ተነጥፎበት የክብር እንግዶች ማረፊያ ሆኗል። ልጆቹ መድረኩ ሥር ተቀምጠው ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ሳያቸው ያናድደኝ ነበር፤ ከዚያ ዞር ብዬ የሐዋርያውን የሳምንት ፕሮግራም እተይብ ነበር።

አንድ ልቤ «ውጪ» ይለኝ ነበር። ሌላው ልቤ ደግሞ «የት ልትሄጂ? የተጠመቅሽው እዚህ፣ የተዳርሽው እዚህ፣ እናትሽን የሸኘሽው ከዚሁ አዳራሽ» ይለኝ ነበር። ባለፈው ሰኞ አክስቴ እኛ ቤት መጥታ ስለ እርስዎ ባትነግረኝ ኖሮ እንዲሁ መሀል ሰፋሪ ሆኜ እቀር ነበር።

አክስቴ እርስዎ አሁን የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን አባል ናት።

«እኚያ አስተማሪሽ ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፣ ዘምረው ይሄዳሉ፤ በቃ» አለችኝ።

«ልጆች አያስተምሩም እንዴ?»

«ማን ሊፈቅድላቸው? መሸኛቸው ላይ የምስክርነት ቃል የለም አሉ። ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ቢኖር ነው ብለው ፈሩ። እውነት ምን አጥፍተው ይሆን?»

ሻይ ላምጣልሽ ብዬ ወደ ጓዳ ሸሸሁ። አክስቴ ሻይ እንደማትወድ አውቃለሁ።

ምንም አላጠፉም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በመሸኛ ላይ ሁልጊዜ የምትጻፍ አንዲት መስመር አለች፦ «በመካከላችን በመልካም ምስክርነት ኖረዋል።» በእርስዎም ላይ ጽፌያት ነበር። ረቂቁን ለፊርማ ስወስድላቸው መጋቢያችን በእስክሪብቶ ሰረዟት። እርስዎ በአባላት ስብሰባ ላይ ተነስተው «ይህን አቅጣጫ ማን መረጠው?» ማለትዎን እሳቸው አልረሱም። «ይህቺን አውጫት» አሉኝ። አወጣኋት። ማኅተም መታሁበት፣ ፖስታውን አሸግኩ፣ በሁለት እጄ ሰጠሁዎት። እርስዎ ደግሞ ምንም ሳያውቁ ግንባሬን ሳሙኝ። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልኩ ራሴን ሳጽናና ሁለት ዓመት ሞላኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝን ሰው ነው የበደልኩት። ይቅር ይበሉኝ።

አክስቴ በሄደች በማግስቱ ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩ። መስመሯን ወደ ቦታዋ መልሼ ለፊርማ አቀረብኩላቸው።

«ይሄ እኮ ያለቀ ጉዳይ ነው» አሉ ሐዋርያው፣ ቀና ሳይሉ።

«አላለቀም። ሴትዮዋ ያለ ጥፋታቸው ተጠርጥረው ተቀምጠዋል» አልኩ። 

አሁን ቀና አሉ። «ምን ሆነሻል አንቺ? መሄድ አምሮሽ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ። ለአንቺ የምስክርነቱን ቃል አልከለክልሽም። አንድም ቀን ለምን ብለሽኝ አታውቂም። እንዳንቺ ያለ መልካም ሰው የት ይገኛል?»

እትዬ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለእርስዎ የተነፈገችው መስመር የዝምታዬ ደመወዝ ሆና ስትቀርብልኝ፣ ሦስት ሳምንት ያንከራተተኝ ጥያቄ እዚያው እንደቆምኩ አለቀ። ማኅተሙንና የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ጀግና ሆንሽ እንዳይሉኝ ብቻ፤ ደረጃውን ስወርድ ሁለቴ ቆሜ ወደ ኋላ ዞሬያለሁ።  ሠላሳ ዓመት የሄድኩበት መንገድ እሑድ ሲመጣ እግሬን ወደ ለመደበት ይጎትተው ይሆናል።

እኔ ግን እሑድ እርስዎ ጋ እመጣለሁ። ከአምልኮው በፊት ሽማግሌዎቹን አግኝቼ መስመሯን ያወጣቻት ይህቺ እጄ መሆኗን እነግራቸዋለሁ። የራሴን መሸኛ አልወሰድኩም። እንግዲህ «አንቺንስ ማን ያውቅሻል?» ማለታቸው አይቀርም። አክስቴ ዘመድ ናትና ቃሏ አይያዝም፤ ከእርስዎ ሌላ ምስክር የለኝም። እባክዎ፣ ሲጠይቁዎት አይራሩልኝ። የሚያውቁትን ሁሉ ይናገሩ።

ያስተማሯት፣ የበደለችዎ ልጅዎ