የወንዝ ዳሯ አይጥና የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካሉት ቤቶች በአንዱ ተወለዱ። በሰፈሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ሲማሩ፣ ከክፍል መልስ ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው መርፌ መያዝ ለመዱ። ያ መርፌ ነው በ1957 ዓ.ም. ሙዚየም ያስቀጠራቸው። ሥራቸው የሞቱ እንስሳትን ቆዳ ገፈው፣ ጥጥ ሞልተው፣ ስፌቱ እንዳይታይ አድርገው መስፋት ነበር። ሰፈሩ «አይጥ ሰፊው» ሲላቸው ስቀው ያልፉ ነበር፤ የምናፍረው እኛ ልጆቻቸው ነበርን።

በ1963 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሳነብ ቀና ብዬ ባላያችሁ አትቀየሙኝ።

በተጋቡ በዓመቱ አባታችን አንዲት ጅራቷ ነጭ የሆነ አይጥ ይዘው ሙዚየም ገቡ። ሊቃውንቱ አገላብጠው አዩና፣ ሌላ አገር የማትገኝ ንዑስ ዝርያ ናት አሉ። «እንዲህ ያለ አይጥ አገኘሁ» የሚል ሁሉ ከእሷ ጋር እንዲያስተያይ፣ የዝርያው መመዘኛ ናሙና ሆና መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠች። እግሯ ላይ በታሰረችው ወረቀት አባታችን የተያዘችበትን ቦታ «ወንዝ ዳር» ብለው ጻፉ። ሳይንሳዊ ስሟም ከዚያው ወጣላት።

ውሸት ነው። የተያዘችው እናታችን ጓዳ፣ ከዱቄት ዕቃው ሥር ነው።

እናታችን ያኔ አዲስ ሙሽራ፣ በንጽሕናቸው የሚማልባቸው ሴት ነበሩ። «ጓዳዬ አይጥ አለ ተብሎ ይጻፍ? አማቴ ከሰማች ምን ይውጠኛል!» ብለው አለቀሱ። አባታችን ልቅሷቸውን አልቻሉም፤ «ወንዝ ዳር» ብለው ጻፉላቸው።

አማትየው ሲያርፉ የመደበቂያው ምክንያት ቢቀርም ውሸቱ ሥር ሰዶ ነበር። ተመራማሪዎች ከሩቅ እየመጡ ወንዙን በወጥመድ ሞሉት። አንዷ ድንጋይ ላይ ተንሸራትታ እግሯ ተሰበረ፤ ይህን ሳስብ ዛሬም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። በመጨረሻ ዝርያው ከምድረ ገጽ ጠፍቷል ተባለ፤ አባታችንም ስለጠፋችው አይጥ በስብሰባ ላይ እንዲናገሩ ተጋበዙ። ተናግረው፣ ተጨብጭቦላቸው ቤት ሲገቡ ኮርኒሱ ውስጥ ኮሽ ኮሽ ይላል። እራታቸውን ሳይቀምሱ ተኙ።

«ልንገራቸው እንዴ?» ይሉ ነበር አልፎ አልፎ። «መጀመሪያ እኔን ቅበረኝ!» ይላሉ እናታችን። በዚሁ ያበቃል። አባታችን አንድም ቀን አላስገደዷቸውም።

አባታችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፉ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በጀርባቸው ተኝተው ኮርኒሱን ያዳምጡ ነበር፤ እናታችንም አጠገባቸው ሆነው አብረው ሲሰሙ ከረሙ። ትናንት ግን ጠሩኝና፣ «ጻፊው። አባትሽ በእኔ ጓዳ የተነሳ ውሸታም ሆኖ አይቀበርም» አሉኝ። እኔ «ይቅርብን» ብዬ ለመንኳቸው፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ተለይተውናል። የሙዚየም ባልደረቦቻቸው እዚህ ስላላችሁ አደራ፣ ከእንግዲህ ወንዝ ዳር በከንቱ አትልፉ። ከቀብር መልስ ወደ ቤት ኑ። እናታችን ዛሬ የጓዳውን በር ክፍት ትተው ነው የወጡት።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በትክክለኛ ቦታዋ ያኑርልን።